«ይችላል» ስንል፦ የእንግሊዝኛ ሞዳል ግሦችን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ማስተማር

በአርብ ገበያ ለሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን ከተሰጠ ሕዝባዊ ገለጻ የተገለበጠ

ወደ አርብ ገበያ ተመልሼ በመምህራን ፊት ለመቆም በመብቃቴ የተሰማኝን ደስታ በረጅም መግቢያ አላደክምባችሁም። የዛሬው ርእሴ ትንሽ ነው። ዘጠኝ አጫጭር ቃላት ናቸው፦ ካን፣ ኩድ፣ ሜይ፣ ማይት፣ ዊል፣ ውድ፣ ሻል፣ ሹድ፣ መስት። ገለጻው በጽሑፍ ሲገለበጥ በራሳችን ፊደል እንዲሰፍሩ ያደረግሁት ወላጆችም እንዲያነቡት ብዬ ነው፤ መምህራን በሰሌዳው ላይ በላቲን ፊደል ታዩአቸዋላችሁ።

እነዚህ ቃላት ሞዳል ግሦች ይባላሉ። ድርጊትን አይናገሩም። የሚናገሩት ተናጋሪው ስለ ድርጊቱ ያለውን አቋም ነው፦ እርግጠኛ መሆኑን ወይም መጠራጠሩን፣ መፍቀዱን ወይም ማዘዙን፣ አቅም መኖሩን ወይም አለመኖሩን። ተማሪዎቻችን ቃላቱን ከነትርጉማቸው በቃላቸው ይወጧቸዋል፤ «ካን» ይችላል፣ «መስት» አለበት፣ «ሹድ» ይገባዋል እያሉ። እኔም እንዲሁ ተምሬ እንዲሁ አስተምሬአለሁ። ስሕተቱን የተረዳሁት በክፍል ውስጥ ሳይሆን በገበያ ነው፤ እርሱን ላስቀድም።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ገና ወጣት መምህር ሳለሁ በዚሁ በጋይንት አገር እሠራ ነበር። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእርሱ አይደለምና። አንድ አርብ ቀን ከእህል ተራው ዳር አንድ አዛውንት ገበሬ በላስቲክ የተጠቀለለ ደብዳቤ ከጉያቸው አውጥተው ሰጡኝ። ልጃቸው አዲስ አበባ ውስጥ ለሚሰጥ ሥልጠና አመልክቶ ኖሮ ለመግቢያ ፈተና ተጠርቷል። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ አንብቦታል፤ አባትዬው ግን የተማረ ሰው ይየው ብለው ይዘውት መጥተዋል። ወደ መጨረሻው ግድም፣ መሥሪያ ቤቱ የተፈታኞችን የመጓጓዣ ወጪ የሚመለከት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረ፤ ግሡም «ሜይ ሪኢምበርስ» ይላል። ሳላመነታ «መሥሪያ ቤቱ የመጓጓዣውን ወጪ ሊከፍል ይችላል» ብዬ ተረጎምሁላቸው።

በመዝገበ ቃላት ሚዛን ትክክል ነበርሁ። አዛውንቱ የሰሙት ግን ሌላ ነው። እርሳቸው የሰሙት «መክፈል ይችላል» የሚለውን፣ ማለትም አቅም አለው የሚለውን ነው። አቅም ያለው መሥሪያ ቤት ራሱ ጠርቶ ሲያበቃ የድሀ ልጅ በገዛ ገንዘቡ ይመላለስ ይላል ብለው አልጠረጠሩም። ሁለት በግ ሸጡ፤ ለልጁ የመሄጃውን ብቻ ቆጥረው ሰጡት፤ በቀረው የማዳበሪያ ዕዳቸውን ከፈሉ። ልጁ ሄዶ ተፈተነ። የመመለሻውን የሚሰጠው ግን አላገኘም። ከሦስት ሳምንት በላይ የቀን ሥራ እየሠራ አዲስ አበባ ቆይቶ፣ ጥቂት በመኪና ጥቂት በእግሩ እየተጓዘ ሲመለስ የመንፈቁ ፈተና አልፎት ነበር።

አዛውንቱን ከዚያ በኋላ በዚያው በእህል ተራ አገኘኋቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በቀለለኝ። «ልጄ፣ ይችላል ብለህ አልነበረም?» አሉኝ። «አዎ አባቴ፤ ግን ላይከፍልም ይችላል ማለት ነበር» አልሁ። «ታዲያ ይኸንን ምነው ያን ጊዜ ባልኸኝ?» አሉና እህላቸውን ወደ መስፈር ተመለሱ።

ለዓመታት ይህን ነገር የእንግሊዝኛ ችሎታዬ ማነስ አድርጌ እቆጥረው ነበር። አልነበረም። «ሜይ» የሚለውን ቃል በሚገባ አውቀው ነበር፤ ያላወቅሁት «ይችላል» የሚለውን ነው። አማርኛችን «መክፈል ይችላል» እና «ሊከፍል ይችላል» ብሎ ሁለት መንገድ ያበጃል። የመጀመሪያው ወደ አቅምና ወደ ፈቃድ ያደላል፤ ሁለተኛው ወደ ግምት። ነገር ግን ግንቡ ጠንካራ አይደለም። በንግግር ላይ፣ በተለይም አድማጩ መልካሙን ወሬ በጉጉት ሲጠብቅ፣ «ሊከፍል ይችላል» የሚለውም እንደ አቅም፣ አልፎም እንደ ተስፋ ቃል ይደመጣል። «ይከፍል ይሆናል» ብዬ ቢሆን ኖሮ ጥርጣሬው በራሱ በግሡ ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። «ሊከፍልም ላይከፍልም ይችላል» ብል ደግሞ ከቶ አሻሚነት ባልቀረበት።

አገራችን ራሷ በዚህ ግሥ ምክንያት የደረሰባትን ሁላችሁም በታሪክ ትምህርት ታውቁታላችሁ፤ ነገር ግን እንደ ቋንቋ መምህራን አስተውለነው እንደሆነ እጠራጠራለሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከባሽሎ ማዶ በወሎ ምድር፣ በውጫሌ፣ ዐፄ ምኒልክና የኢጣሊያ መንግሥት ወኪል አንቶኔሊ የተፈራረሙት ውል በአማርኛና በኢጣሊያንኛ የተጻፈ ነበር። የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛ ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ስላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ይህ ፈቃድ ነው፤ ቢፈልጉ ይጠቀሙበታል፣ ባይፈልጉ ይተዉታል። የኢጣሊያንኛው ቅጂ ግን ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ለማድረግ እንደ ተስማሙ የሚያስረዳ ግሥ ያዘ። ኢጣሊያም ይህንኑ እንደ ግዴታ ተርጉማ ኢትዮጵያን በሞግዚትነት እንደ ያዘች ለዓለም አስታወቀች። ዐፄ ምኒልክ ነገሩን የተረዱት ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ለጻፉት ደብዳቤ «ጉዳያችሁ በኢጣሊያ በኩል ይሁን» የሚል መንፈስ ያለው መልስ በመጣ ጊዜ ነው። በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ጦርነቱ ሆነ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል የውጫሌው ስምምነት ተሻረ። የጦርነቱ መንሥኤ አንድ ግሥ ብቻ ነበር አልልም፤ የቅኝ ግዛት ፍላጎት ሰበብ አያጣም። ሆኖም በፈቃድና በግዴታ መካከል ያለው ልዩነት የሰዋስው ተማሪ ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ለ11ኛ ክፍል ተማሪ ማስረዳት የፈለገ መምህር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከውጭ አገር መጽሐፍ አያገኝም።

ወደ ክፍላችን እንመለስ። ተማሪዎቻችን ከዘጠኙ ቃላት አስቀድመው የሚያውቁት የትኛውን ነው? ብዙዎቻችሁ «ካን» ትሉ ይሆናል። እኔ ግን «ሜይ» ነው እላለሁ። ገና አንደኛ ደረጃ ሳሉ ከበሩ ላይ ቆመው «ሜይ አይ ካም ኢን» ማለትን ይማራሉ፤ ለመውጣትም «ሜይ አይ ጎ አውት»። ይህን ለስምንት ዓመት ያህል በየቀኑ ይሉታል። በዚህም «ሜይ» ማለት «ልግባ?» «ልውጣ?» ማለት ሆኖ በልባቸው ይታተማል። ደግ ነው፤ ትክክልም ነው። ችግሩ የሚመጣው 9ኛ ክፍል ሲገቡ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ስለ ደነገገ፣ ተማሪው ባዮሎጂውንም፣ ኬሚስትሪውንም፣ ጂኦግራፊውንም በዚሁ ቋንቋ ያነብባል። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ «ሜይ» ከቶ ፈቃድ አይጠይቅም። አንድ በሽታ እንዲህ ያለ ምልክት «ሜይ» ያሳያል፤ አፈር በጎርፍ «ሜይ» ይታጠባል ይላል እንጂ። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመው ታላቁ የሎንግማን የንግግርና የጽሑፍ እንግሊዝኛ ሰዋስው በሰፊ የጽሑፍ ክምችት ላይ ተመሥርቶ እንዳሳየው፣ «ሜይ» በዕለት ንግግር እምብዛም አይገኝም፤ በምሁራዊ ጽሑፍ ግን እጅግ ይበዛል፤ በዚያም ሥራው በአብዛኛው የመሆን ዕድልን መግለጽ ነው።

እንግዲህ ተማሪው የሚያውቀው «ሜይ» አንድ፣ የሚያነብበው «ሜይ» ሌላ ነው። ከዚህም የሚከተለው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ተማሪ ቃሉን ጨርሶ ይዘለዋል፤ በሽታው ይህን ምልክት ያሳያል ብሎ እንደ ቁርጥ ነገር ይይዘዋል። ሌላው ደግሞ «ይፈቀዳል» ብሎ ይተረጉምና የማይገናኝ ነገር ያወጣል። የመጀመሪያው ስሕተት ስለማይታይ የባሰ ነው። ፈተና ላይ «ሁልጊዜ» እና «አንዳንድ ጊዜ» የሚሉ አማራጮች ጎን ለጎን ሲመጡ «ሁልጊዜ»ን የሚመርጠው ይህ ተማሪ ነው። የባዮሎጂ መምህሩ ባዮሎጂ አላወቀም ብሎ ያርመዋል፤ ያላወቀው ግን ባዮሎጂውን አይደለም። ስለዚህ የእንግሊዝኛ መምህር ከሳይንስ መምህሩ መጽሐፍ አንድ ገጽ ተውሶ፣ «ሜይ» ያለባቸውን ዓረፍተ ነገሮች አስምሮ፣ «ሜይ»ን ሲያወጡት ዓረፍተ ነገሩ ምን እንደሚሆን ተማሪዎችን ቢጠይቅ፣ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰዋስው ከሚያስተምር የበለጠ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማው ሲመጣ የሳይንሱን ትምህርት በፈጣን እንግሊዝኛ ሲያወርድብን የነበረውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ መምህሩ አስቁሞ «ይህች ቃል እዚህ ምን ትሠራለች?» ማለት እንኳ አይችልም ነበር። በመጽሐፍ ግን ይቻላል።

አሁን በደብተር ላይ ስለምታዩአቸው ስሕተቶች። «ሂ መስት ቱ ጎ» የሚለውን ያላረመ መምህር በዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ ብዬ አላምንም። ስሕተቱን ያመጣነው እኛው ነን። «ቱ ጎ» ማለት «መሄድ» ነው፤ «ቱ»ን እንደ «መ» ቍጠሩት ብለን አስተምረናል። ተማሪው «መሄድ አለበት» የሚለውን ሲተረጉም «መ»ን የት ይጣላት? ታማኝ ሆኖ «ቱ»ን ያኖራታል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ የተማረውን ሕግ መጠበቅ ነው። «ሂ ካንስ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ አማርኛ ይችላል፣ ትችላለች፣ ይችላሉ እያለ ባለቤቱን በግሡ ላይ ያሳያል፤ እንግሊዝኛውም «ሂ ጎስ» ይላል፤ ታዲያ «ካን» ለብቻው ምን ቅብ አለው? ቀይ ብዕር ከማንሳት በፊት ምክንያቱን መናገር ይገባል። እነዚህ ግሦች በጥንቱ እንግሊዝኛ የቅርጽ አመጣጣቸው እንደ ኃላፊ ጊዜ ነበረ፤ በኃላፊ ጊዜ ደግሞ «ኤስ» አይጨመርም። ቅርጹ እስከ ዛሬ ቆየ።

ስለ አመጣጣቸው ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር፤ ተማሪዎች ይወዱታልና። «ካን» በጥንቱ እንግሊዝኛ «ማወቅ» ማለት ነበር። የእኛም አገር ሰው «ዋና ያውቃል» «በቅሎ መጋለብ ያውቃል» ሲል መቻሉን ነው የሚናገረው። «መስት» ደግሞ መነሻው ግዴታ ሳይሆን «ተፈቅዶለታል» ማለት ነበር፤ ከፈቃድ ወደ ግዴታ የተሻገረው በዘመናት ብዛት ነው። የውጫሌውን ነገር ያስታወሰ ሰው በዚህ ፈገግ ሊል ይችላል። እዚህ ላይ «ሊል ይችላል» ስል አቅም ማለቴ አይደለም።

ከሁሉ የከበደው የአሉታው ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ። «መሄድ አለብህ» የሚለውን «ዩ መስት ጎ» ብንለው ብዙ አንሳሳትም። «መሄድ የለብህም» የሚለውስ? ቃል በቃል ብትወስዱት «መሄድ በአንተ ላይ የለም» ማለት ነው፤ ማለትም የመሄድ ሸክም አልተጫነብህም፤ ብትሄድም ባትሄድም የአንተ ፈንታ ነው። በአጠቃቀም ግን አባት ልጁን «ከዚያ ሰው ጋር መሄድ የለብህም» ሲል ክልከላ ነው። አንዱ ዓረፍተ ነገር ሁለቱንም ይሸከማል። እንግሊዝኛው ግን ለሁለቱ ሁለት መንገድ አለው። «ዩ መስት ኖት ጎ» ክልከላ ነው። «ዩ ኒድ ኖት ጎ» ወይም «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ጎ» ግን ግዴታ የለብህም ማለት ነው። ተማሪያችን «ሃቭ ቱ»ን «አለበት» ብሎ ስለያዘው፣ «ዶንት ሃቭ ቱ»ን ሲያገኝ «የለበትም» ይለዋል፤ «የለበትም»ን ደግሞ እንደ ክልከላ ይሰማዋል። ሕጉን ጠብቆ እየሄደ ገደል ይገባል።

አንድ ጊዜ የቤተ ሙከራ ደንብ ጻፉ ብዬ አዝዤ፣ አንዲት ተማሪ በእንግሊዝኛ «አሲድ በአፋችሁ የመቅመስ ግዴታ የለባችሁም» የሚል ትርጉም ያለው ዓረፍተ ነገር ጽፋ አመጣች። ክፍሉን አስቄባታለሁ። ዛሬ አልስቅም። ልጅቱ በአማርኛ ያሰበችው «መቅመስ የለባችሁም» ብላ ነው፤ ትክክልም ነበረች። ከእርሷ የጎደለው እኔ ያላስተማርሁት ነገር ነው፤ እርሱም «የለበትም» ሁለት መሆኑን። በዚያ ዓመት ከዚያ በኋላ እጅዋን አንሥታ አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ በክፍል የምጠቀምበት አንድ ቀላል ጥያቄ አለኝ፤ «ባደርገውስ?» የሚል። ተማሪው «የለበትም» የሚል ሐሳብ ሲመጣበት ወደ እንግሊዝኛ ከመሻገሩ በፊት ይህን ይጠይቅ። ባደርገው ጥፋት ይሆናል፣ እቀጣለሁ፣ እጎዳለሁ ከሆነ መልሱ፣ «መስት ኖት» ነው። ባደርገው ምንም አይደል፣ ድካሙ ለራሴ ከሆነ «ኒድ ኖት» ነው። ትምህርት ቤት በሌለበት ቀን ዩኒፎርም መልበስ የለብህም፤ ብለብሰውስ? ምንም። የሌላውን ተማሪ መልስ መገልበጥ የለብህም፤ ብገለብጠውስ? ወዮልህ። ምሳሌውን ተማሪዎች ራሳቸው ከቤታቸው ያምጡት፤ ከከብት ጥበቃው፣ ከውኃ መቅጃው፣ ከጾሙ። በጾም ነገር ላይ እንደሚከራከሩ አስጠነቅቃችኋለሁ፤ ክርክሩን አታቋርጡት፤ ሞዳል ግሥ የሚማሩት ያን ጊዜ ነው። በአማርኛም ጭምር «የለብህም»ን በሌላ ቃል ያፍታቱት፦ ለክልከላው «አትሂድ» «ክልክል ነው»፤ ለሌላው «ባትሄድም ግድ የለም»። የአገራችን ሰው «ግድ የለም» ሲል «ኒድ ኖት»ን ከእንግሊዞች ሳይበደር ይዟታል።

በእናት ቋንቋ አስረዱ ስል የሚቃወሙኝ ባልደረቦች አሉ። የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ በእንግሊዝኛ ብቻ ይሁን ይላሉ። ሐሳባቸውን አከብራለሁ፤ ከክፍል ውጭ እንግሊዝኛ የማይሰማበት አገር ነውና ደቂቃዋ ሁሉ ትቆጠራለች። ነገር ግን ተማሪው በአማርኛ ማሰቡን መምህሩ ቢከለክለውም አይተውም። ስውር ሆኖ ከሚያሳስተው ይልቅ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ቢታይ ይሻላል። በ40 ደቂቃ ውስጥ አምስቱን ደቂቃ ለአማርኛው መስጠት ዘረፋ አይመስለኝም።

ስለ ግምት ደግሞ አማርኛችን ባለጸጋ ነው፤ ይህን ሀብት በክፍል አንጠቀምበትም። ባለፈው አርብ ከገበያ የቀረ አንድ የምናውቀው ነጋዴ አለ እንበል። ምን ሆኖ ነው? «ታሞ ይሆናል» እንላለን፤ አናውቅም ማለት ነው። «ሳይታመም አይቀርም» እንላለን፤ ወደ ማመን ተጠግተናል። «ታሞ መሆን አለበት» እንላለን፤ ማስረጃ ይዘናል፤ ለምሳሌ ሐሙስ ዕለት ሲያስለው ሰምተናል። እንግሊዝኛው ለመጀመሪያው «ማይት ሃቭ ቢን»፣ ለመጨረሻው «መስት ሃቭ ቢን» ይላል። ለመካከለኛው የራሱ የሆነ አንድ ሞዳል ግሥ የለውም፤ «ፕሮባብሊ» የሚል ተውሳከ ግሥ ይለምናል። ተማሪው ቋንቋው ከእንግሊዝኛው አንሶ እንዳልተገኘ ሲያይ ለመማር ያለው ድፍረት ይጨምራል፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ግን ወጥመድም አለ። «መስት ሃቭ ጎን» ሲያነብብ «ሄዶ መሆን አለበት» እንደማለት «መሄድ ነበረበት» ብሎ የሚተረጉም ብዙ ነው። አንደኛው ስለ ሆነው ነገር መገመት ነው፤ ሁለተኛው ስላልተፈጸመ ግዴታ መውቀስ ነው፤ ለወቀሳው እንግሊዝኛው «ሹድ ሃቭ ጎን» አለው። በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ሁለቱን የቀላቀለ ተማሪ ግምቱን ሁሉ ፍርድ አድርጎ ያነብበዋል።

የቋንቋ ሊቃውንት ይህን መለያየት በሁለት ከፍለው ያዩታል፤ ፍራንክ ፓልመር በ1979 እ.ኤ.አ. ስለ እንግሊዝኛ ሞዳሎች ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው ተንትኖታል። በአጭሩ አንዱ ከማወቅ፣ ሌላው ከማዘዝና ከመፍቀድ ጋር የተያያዘ ነው። አንዱ ቃል ሁለቱንም መሸከሙ የእንግሊዝኛ ጠባይ ብቻ አይደለም። በዚህ አገር ያደጋችሁ ቤተ ክህነቱን ታውቁታላችሁ፤ የድጓው ማስመስከሪያ ቤተ ልሔም ያለችው በጋይንት ነው፤ የቅኔ ቤቱም ከዚህ ምድር አልራቀም። የቅኔ ተማሪ ግሥ ሲገስስ «ቀተለ፣ ይቀትል፣ ይቅትል፣ ይቅትል» ይላል። ሦስተኛውና አራተኛው በቅርጽ አንድ ናቸው፤ አንዱ ግን «ይገድል ዘንድ» ነው፣ አንዱ «ይግደል» ነው። የየትኛው እንደሆነ የሚነግረው ቦታው ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በልጅነት የተማረ ሰው ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲመጣ «መስት» ሁለት ነው ቢሉት አይደነግጥም። በክፍላችሁ ከቅኔ ቤት የመጡ ተማሪዎች ካሉ ይህን ለጓደኞቻቸው እንዲያስረዱ ዕድል ስጧቸው።

ስለ ትሕትና አንድ ቃል። እኛ አክብሮትን በመደቡ እንገልጻለን፤ «አንቱ» ካልን፣ ግሡንም ከዚያ ጋር ካስማማን ነገሩ አለቀ። «ውኃ ይስጡኝ» ትእዛዝ ቢሆንም ክብር አልጎደለውም። እንግሊዝኛ «አንቱ» የለውም፤ «ዩ» ለሕፃኑም ለሽማግሌውም አንድ ነው። ያጣውን በ«ኩድ» እና በ«ውድ» ይፈልገዋል። ስለዚህ ጨዋ ሆኖ ያደገ የጋይንት ልጅ ለፈረንጅ «ጊቭ ሚ ዋተር» ሲል ባለጌ ይመስላል፤ እርሱ ግን በልቡ «ይስጡኝ» ብሏል። «ኩድ»ን የ«ካን» ኃላፊ ጊዜ ነው ብቻ ብሎ ያስተማረ መምህር ይህን ልጅ ለሐሜት ዳርጎታል። ለተማሪዎቼ «ኩድ ዩ» የእንግሊዝኛ «አንቱ» ነው እላቸዋለሁ። ሰዋስዋዊ ትንታኔው ይህ አይደለም፤ ግን አይረሱትም።

«ሻል»ን በተመለከተ ብዙ ጊዜ አታባክኑበት። በእንግሊዝ አገር ጽሑፍ ከ1961 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ባሉት 30 ዓመታት ውስጥ «ሻል» በብዙ፣ «መስት»ም ከሩብ በላይ አጠቃቀማቸው እንደ ቀነሰ ጄፍሪ ሊችና ባልደረቦቹ አሳይተዋል። «መስት» በ«ሃቭ ቱ» እየተተካ ነው። «ሻል» ጸንቶ የቀረው በሕግ ቋንቋ ነው። የሕገ መንግሥታችን የእንግሊዝኛ ቅጂ «ሻል ቢ» በሚልበት ስፍራ አማርኛው ብዙ ጊዜ «ይሆናል» ብቻ ይላል፤ ተራ የሚመስለው ግሣችን በሕግ ውስጥ ሲገባ ግዴታ ያዝላል። የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው አማርኛው መሆኑን አንቀጽ 106 ደንግጓል። አንድ የውጫሌ ትምህርት በዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል፤ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን ሰጥታችሁ አወያዩአቸው። ሁለቱም በመንግሥት የታተሙ ስለሆኑ ለመጽሐፍ ገንዘብ አያስፈልግም።

አንድ ክፍል ውስጥ 60 እና 70 ተማሪ ይዛችሁ፣ አንድ መጽሐፍ ለሦስት እየተካፈሉ፣ ይህን ሁሉ አድርጉ ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዘጠኙን በአንድ ሳምንት አታስተምሩ። የዓመቱን የመጀመሪያ መንፈቅ ለ«ሜይ»፣ ለ«መስት» እና ለአሉታቸው ብቻ ብትሰጡ የቀሩት ራሳቸው ይከተላሉ። በፈተናም «ካን ምን ማለት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ዓረፍተ ነገሩን ስጧቸውና «ጸሐፊው እርግጠኛ ነው ወይ?» በሏቸው።

የአዛውንቱን ደብዳቤ ብዙ ጊዜ በልቤ ደግሜ ተርጉሜዋለሁ። ያኔ እንዲህ ብዬ ባነበብሁላቸው እላለሁ፦ «አባቴ፣ የመጓጓዣውን ወጪ ይከፍሉ ይሆናል፤ ላይከፍሉም ይችላሉ፤ ቃል አልገቡም፤ ስለዚህ የመመለሻውንም ጨምረው ይስጡት።» የመጨረሻው ሐረግ በደብዳቤው ላይ በቃል አልተጻፈም። በ«ሜይ» ውስጥ ግን ነበረ።

አሁን በእጃችሁ ያለውን ወረቀት ገልጣችሁ የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓረፍተ ነገሮች ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሥሩ፤ ከዚያ ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።